ፀሐይን የሚጠብቅ ዘብ

ዘብ ቆሞ ያደረ ወታደር ጠንቅቆ የሚያውቀው ነገር አለ፤ በጨለማ የተሰማ ኮሽታ ሁሉ የጠላት ኮቴ አይደለም። አንዱን ኮሽታ ከሌላው ለይቶ ማወቅ ግን የብዙ ሰው ሕይወት የሚድንበት ወይም የሚጠፋበት ጉዳይ ነው። ውድ አንባቢዎቻችን፣ በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን የምናወጋችሁ ከሰማይ ስለ መጣ ኮሽታ ነው። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሜይ 23 ቀን 1967 አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በዓይነ ቁራኛ በሚተያዩበት ወቅት፣ የሚሳይል ጥቃትን አስቀድመው እንዲያስጠነቅቁ በአላስካ፣ በግሪንላንድና በእንግሊዝ አገር የተተከሉት የአሜሪካ ራዳሮች በአንድነት ታወኩ። ራዳርን ሆን ብሎ ማወክ እንደ ጦርነት መክፈቻ ይቆጠር ስለ ነበር የጦር አውሮፕላኖች ለመነሣት ተሰናዱ። ሆኖም አየር ኃይሉ የፀሐይን ሁኔታ የሚከታተሉ ባለሙያዎች ነበሩት። እነርሱም ራዳሮቹን ያወከው ከፀሐይ የፈነዳ ብርቱ የሬዲዮ ሞገድ መሆኑን በጊዜው አስታወቁ። አውሮፕላኖቹም ሳይነሡ ቀሩ።

ለመሆኑ ፀሐይ ስለምን ትፈነዳለች? በገጽዋ ላይ ጥቁር ነጥብ መስለው በሚታዩ ሥፍራዎች ብርቱ የማግኔት ኃይል ይጠራቀማል። ይህ ኃይል እንደ ገመድ ከርሮ ከርሮ በድንገት ሲለቀቅ ጨረሩ በ8 ደቂቃ ያህል ምድር ይደርሳል፤ ቀን በሆነበትም የምድር ክፍል የአጭር ሞገድ ሬዲዮን ዝም ሊያሰኝ ይችላል። አንዳንድ ጊዜም በቢሊዮን የሚቆጠር ቶን ሊመዝን የሚችል የጋለ ጋዝ ደመና ተወርውሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ተጉዞ ይመጣል። ማርች 13 ቀን 1989 እንዲህ ያለው ደመና ባስነሣው ማዕበል በካናዳ የኩቤክ ክፍለ ሀገር ስድስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለ9 ሰዓት ያህል ያለ መብራት ቆይቷል።

ደመናው ሩቅ ሳለ ለማየት ግን የቀኑ ሰማይ ድምቀት ይጋርዳል። ስለዚህ መሣሪያው ከአየር በላይ መውጣት ነበረበት። በዲሴምበር 1971 ኦ.ኤስ.ኦ. 7 የተባለች ሳተላይት ደመናውን ከጠፈር ለመጀመሪያ ጊዜ አየች። በ1973 እና በ1974 በስካይላብ የጠፈር ጣቢያ የሰነበቱ ጠፈርተኞች ፀሐይን በፊልም አነሡ፤ ፊልሙንም ለማምጣት ከጣቢያው ውጭ ወደ ባዶው ጠፈር ይወጡ ነበር። አውሮፓና አሜሪካ በኅብረት ዲሴምበር 2 ቀን 1995 ያመጠቋት ሶሆ ደግሞ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ወደ ፀሐይ ቀርባ ዘብ ቆመች። ሰው በእጁ ግንባሩን ጋርዶ ሩቅ እንደሚመለከት፣ እርስዋም የፀሐይን ፊት በክብ ጋሻ ሸፍና ዙሪያውን ትቃኛለች። በጁን 1998 ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር፤ ባለሙያዎቹ ግን ለሳምንታት ሲጣሩ ቆይተው መልሰው አግኝተዋታል። ለ2 ዓመት የታሰበችው ዘብ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ አገልግላለች።

እናንት እናቶችና እኅቶች ሆይ፣ ከዚህ ለቤታችን የሚተርፍ ምክር አለ። የጠፈሩ መሣሪያ እንኳ የፀሐይን ፊት ሳይጋርድ ዙሪያዋን አይቃኝም። እንግዲያው ልጆቻችን በግርዶሽም ሆነ በሌላ ቀን ፀሐይን ትክ ብለው እንዳያዩ እንምከራቸው፤ የዓይን ብርሃን አንዴ ከተጎዳ የሚመለስበት መንገድ ጠባብ ነውና።