250 ዋት ሁሉ አንድ አይደለም፦ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ኃይልና ገደቡ

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለገበያ የሚቀርቡ አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ሞተራቸው ላይ የሰፈረው ቁጥር አንድ ነው፤ 250 ዋት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ ኃይል ይወስዳል። ሆኖም ይህ ትንሽ የሚመስል ቁጥር የተጻፈባቸው ብስክሌቶች አቀበት ላይ ሲፈተኑ አንዱ ሽቅብ ሲገሰግስ ሌላው ግማሽ መንገድ ላይ ይደክማል። ቁጥራቸው እኩል ሆኖ ሳለ እንዲህ የሚለያዩት ለምንድን ነው?

ከሕጉ እንጀምር። በኅብረቱ ደንብ የኤሌክትሪክ ብስክሌት እንደ ተራ ብስክሌት የሚቆጠረው ሦስት ነገሮችን ሲያሟላ ነው። የሞተሩ ተከታታይ ኃይል ከ250 ዋት መብለጥ የለበትም። ሞተሩ የሚያግዘው አሽከርካሪው ፔዳል ሲረግጥ ብቻ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ደግሞ እገዛው ይቋረጣል። አሜሪካ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የፌዴራል ሕግ ከዚህ ይለያል፤ ከ750 ዋት በታች የሆነ ሞተርን ይፈቅዳል፣ በሞተር ብቻ የሚገኘው ፍጥነትም በሰዓት ከ20 ማይል፣ ማለትም ከ32 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በታች እንዲሆን ያዛል።

የአውሮፓው ደንብ ምስጢር ያለው “ተከታታይ” በሚለው ቃል ላይ ነው። ተከታታይ ኃይል ማለት ሞተሩ ከልክ በላይ ሳይግል ለረጅም ጊዜ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል ነው፤ ለአጭር ጊዜ የሚደርስበት ጣሪያ አይደለም። የሞተር ጠላት ሙቀት ነው። በመዳብ ሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ሲሆን በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ሙቀቱ ግን ወዲያው ሞተሩን አይጎዳም፤ ብረቱና መዳቡ እስኪግሉ ጊዜ ይወስዳሉ። አምራቾች የሚጠቀሙት በዚህ ፋታ ነው። ለምሳሌ ቦሽ የሠራው የፐርፎርማንስ ላይን ሲኤክስ ሞተር አራተኛ ትውልድ በሕግ ዓይን የ250 ዋት ሞተር ነው፤ አቀበት ላይ ግን ለአጭር ጊዜ እስከ 600 ዋት ይሰጣል።

ታዲያ ይህ ተጨማሪ ኃይል የሚጠቅመው የት ነው? ሜዳ ላይ ብዙም አይጠቅምም። ብስክሌቱና አሽከርካሪው አንድ ላይ 100 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። ነፋስ በሌለበት ሜዳ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ የሚያስፈልገው ኃይል በግምት 175 ዋት ነው። ከዚህ ውስጥ 75 ወይም 100 ዋቱን ጤናማ ሰው ሳይጨነቅ በእግሩ ይሰጣል፤ የቀረውን ትንሽ ሞተር ይሸፍነዋል። ስለዚህ ፍጥነቱ 25 ላይ እስከተገደበ ድረስ የ250ም ሆነ የ750 ዋት ሞተር ሜዳ ላይ እኩል ይደርሳል። ገደቡ ቢነሳስ? አየርን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ስምንት እጥፍ ያድጋል። በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 800 ዋት ገደማ ያስፈልጋል፤ ባትሪውም በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል።

አቀበት ላይ ስሌቱ ይለወጣል፤ እዚያ ባላጋራው ክብደት ነው። በየመቶ ሜትሩ አሥር ሜትር ከፍ በሚል መንገድ ያንኑ 100 ኪሎ ግራም በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለማውጣት 300 ዋት ገደማ ያስፈልጋል። በ20 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ግን ከ600 ዋት በላይ ይጠይቃል። ዕቃ ወይም ልጅ ተጭኖ ክብደቱ 200 ኪሎ ግራም ከደረሰ፣ ቀስ ብሎ መውጣቱ ራሱ 600 ዋት ይፈልጋል። የሞተር አቅም ልዩነት አፍጥጦ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የሞተሩ መቀመጫም ወሳኝ ነው። በኋላ ጎማው መሃል የተገጠመ ሞተር የሚሽከረከረው በጎማው ፍጥነት ልክ ነው። ብስክሌቱ አቀበት ላይ ሲያዘግም ሞተሩም አብሮ ይዘገያል፤ ከባትሪው የሚቀበለው ኃይል ብዙው ወደ ሙቀት ይቀየራል። ፔዳሉ አጠገብ የተገጠመ ሞተር ግን ኃይሉን የሚያስተላልፈው በካቴናውና በማርሹ በኩል ነው። አሽከርካሪው ማርሽ ሲያቀል ጎማው ቢዘገይም ሞተሩ በሚመቸው ፍጥነት ይሽከረከራል። ለዚህ ነው ከዋት ይልቅ ቶርክ የሚባለውን የማሽከርከር ጉልበትና የማርሹን ዓይነት መመልከት የሚበጀው።

እንደ አዲስ አበባ ላለ ደጋማ ከተማ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የነዳጅ ሞተር ኦክስጅን ስለሚያንሰው በዚህ ከፍታ ይደክማል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ኃይሉ አይቀንስበትም። ይሁን እንጂ ስስ አየር ሙቀትን እንደ ወፍራም አየር አይወስድም። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዓይነት ረጅም አቀበት ላይ ሞተር ሲግል፣ መቆጣጠሪያው ራሱን ለማዳን ኃይሉን ይቀንሳል።

አንዳንዶች የፍጥነት ገደቡን በልዩ መሣሪያ ያነሱታል። ይህን አትሞክሩ። ፍጥነቱ ከ25 ወደ 45 ሲያድግ ፍሬን ሊያበርደው የሚገባው የእንቅስቃሴ ጉልበት ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ የብስክሌቱ ፍሬን ደግሞ ለዚያ አልተሠራም። በአውሮፓ እንዲህ የተለወጠ ብስክሌት ከተራ ብስክሌትነት ወጥቶ ሰሌዳና ኢንሹራንስ ወደሚጠየቅበት የሞተር ተሽከርካሪ ክፍል ይገባል።

ስለዚህ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለመግዛት ስታስቡ ዋቱን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ከፍተኛ ኃይሉ ስንት እንደሆነና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ ቶርኩን፣ ሞተሩ የት እንደተገጠመና ፍሬኑን ጠይቁ። ከተቻለም ከመክፈላችሁ በፊት በየቀኑ የምትወጡትን አቀበት ንዱበት።