ስለ አጭሩ ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃና ስለሚያመጣው ቍስል

በዚህ ሰሞን በሰሜን ወሎ አንድ የሐራ ገበሬ፣ ማሽላውን ከከርከሮና ከዝንጀሮ ይጠብቅበት ዘንድ በርካሽ ዋጋ የገዛው አጭር ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ በእጁ ላይ ፈንድቶ የግራ መዳፉን ከቀደደው በኋላ፣ ቍስሉ በቡና ዱቄትና በጥላሸት ተሞልቶ፣ ክንዱም በጠፍር ታንቆ፣ ሌሊቱን በመንገድ አሳልፎ ወደምሠራበት ሆስፒታል ደረሰ፤ እኔም ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ወጥቼ ስልኬን ብከፍት፣ ይህንኑ ዓይነት መሣሪያ «ማነጣጠር የማይጠይቅ፣ ለቤት ጥበቃ ከክላሽ የሚሻል» እያለ የሚያመሰግን መልእክት ከአንዱ ቻናል ወደ ሌላው ሲዘዋወር አገኘሁት። እንዲህ ያለውን እያዩ ዝም ማለት ለሙያም ለኅሊናም ነውር ነውና ይህን ሳልውል ሳላድር እጽፋለሁ።

እኔ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነኝ እንጂ ጠመንጃ ሠሪ ወይም አዳኝ አይደለሁም፤ ሆኖም መሣሪያው በሰው ገላ ላይ የሚያደርሰውን መመርመር የዕለት ሥራዬ ስለ ሆነ፣ ባለቤቶቹም በአልጋ ላይ ተኝተው ስለ ገዙት ዕቃ ጠባይ የሚነግሩኝን በጥሞና ስለምሰማ፣ ስለዚህ ነገር ከሻጩ ይልቅ እኔ ልታመን ይገባል ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። የወሎ ሰው ከጠመንጃ ጋራ ያለው ትውውቅ የቆየ ነው፤ ከመርሳ በስተ ደቡብ በውጫሌ አካባቢ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ከተፈረመበት ዘመን ጀምሮ ውጅግራው፣ ምንሽሩ፣ ዲሞትፈሩ፣ ኋላም ክላሹ በየቤቱ የኖረ ንብረት ነው። ነገር ግን ይህ የተወረሰ ዕውቀት ሁሉ ስለ አንዲት ጥይት መንገድ የሚናገር በመሆኑ፣ በአንድ ቀለህ ውስጥ 9 ትልልቅ ወይም ከ300 የሚበልጡ ደቃቅ የእርሳስ ፍሬዎችን አጭቆ ለሚተኩስ፣ ውስጡ ልሙጥ ለሆነ መሣሪያ አይበቃም። ነገሩን በተራ ላስረዳ።

1ኛ፤ ማነጣጠር አያስፈልገውም ስለ መባሉ። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ካልጠበበ መሣሪያ የሚወጡት ፍሬዎች በየሜትሩ የሚሰፉት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ስለ ሆነ፣ በአንድ የገጠር ቤት ውስጥ ባለው ርቀት፣ ይኸውም ከ3 እስከ 4 ሜትር፣ ከአንድ የሰው መዳፍ ብዙም የሚሰፋ ቦታ አይሸፍኑም፤ በ1 ሜትር ደግሞ ገና ሳይለያዩ ከባሩዱ ከሚለያቸው ውታፍ ጋራ በአንድነት ይገባሉ። እንግዲህ «ወደ ጨለማው ብትተኩስ ያገኘዋል» የሚለው ምክር ፍጹም ሐሰት ነው፤ ሌባውን የሳተው ሁሉ በጭቃው ግድግዳ ማዶ የተኛውን ልጅ ወይም ጎረቤት ሊያገኝ እንደሚችልም መካሪው አይናገርም።

2ኛ፤ አፈሙዙ ስለ ማጠሩ። ከፋብሪካው አጥሮ የሚወጣ ባለ ሁለት አፍ አለ፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመት በአሜሪካ በፈረስ የሚጎተተውን የመንገደኛ ሠረገላ ለሚጠብቁ ሰዎች የተለመደ ሲሆን፣ ዛሬም ሩሲያ፣ ብራዚልና ቱርክ በአነስተኛ ዋጋ ይሠሩታል፤ አፈሙዙም 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያለው በአግባቡ ተፈትኖ ከወጣ ርካሽነቱ ብቻውን በደል አይሆንበትም። ወደ እኛ ሕሙማን እጅ የሚገባው ግን ብዙውን ጊዜ ረጅሙ አርጅቶ በብረት መጋዝ የተቈረጠው ነው። የሁለቱ ቱቦዎች አካል በብየዳ ተጣብቆ፣ አቅጣጫቸውም ወደ ፊት በአንድ ነጥብ እንዲገናኝ ሆኖ የተሠራ ነውና፣ ጫፉ ሲቈረጥ ብየዳው ይላላል፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ይስታል፣ ክብደቱም ስለሚቀንስ የዚያው የጥይት ምት በትከሻ ላይ እጅግ ይበረታል። ድምፁ ከ150 ዴሲቤል ያልፋል፤ የጆሮን የውስጥ አካል ባንድ ጊዜ ለመጕዳት 140 ይበቃል። ባለቤቶቹም ሌላ ችግር ይነግሩኛል፤ «አንዱን ምላጭ ብስበው ሁለቱም አንድ ላይ ተኰሱ» ይላሉ፤ ይህ የሚሆነው ምላጩ የሚይዘው የውስጥ ጥርስ ስላለቀና ያንደኛው ምት ሁለተኛውን ስለሚያስለቅቀው ነው። «ከዚያን ቀን ጀምሮ ጆሮዬ ያንቃጭላል» የሚሉትም ብዙ ናቸው፤ ይህ ሕማም መድኃኒት የለውም።

3ኛ፤ ስለ መፈንዳቱ። የዚያን ገበሬ ወንድም ጠመንጃውን በጆንያ ጠቅልሎ አምጥቶ ስለ ነበር በዓይኔ አየሁት። የቀኙ ቱቦ ከጥይት ማስገቢያው አንድ ስንዝር ያህል ወደ ፊት ተተርትሮ፣ ብረቱም ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ በስንጥቁ ውስጥ የቀለጠ ቢጫ ፕላስቲክና የአንድ ትንሽ ቀለህ የናስ ከንፈር ተጣብቆ ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት ሌላ ምስክር አላስፈለገኝም። የእነዚህ መሣሪያዎች ቍጥር የሚቈጠረው ከአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ከ454 ግራም፣ እርሳስ ለአፈሙዙ ልክ የሚሆኑ ስንት ክብ ፍሬዎች ይወጣሉ ተብሎ ስለ ሆነ፣ ቍጥሩ ሲበዛ አፈሙዙ ይጠባል፤ ባለ 12 የሚባለው 18 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን ባለ 20 የሚባለው 15 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ባለ 20ው ጥይት ቢጫ ተደርጎ የሚሠራው ከሌላው ጋራ እንዳይደባለቅ ነው። በገበያ ጥይቱ በፍሬ እየተለቀመ ሲሸጥ ግን ብዙውን ጊዜ ቀይ የሆነው የባለ 12ው ጥይትና ቢጫው በአንድ ከረጢት ይገባሉ፤ ቢጫው በባለ 12ው ቱቦ ሾልኮ ወደ ፊት ሄዶ ይቀረቀራል፤ ባለቤቱ ሲስብ አይጮኽምና አልጎረስኩትም ብሎ ቀዩን ከኋላው ያስገባል፤ ሁለተኛው ሲተኰስ ፊተኛው መውጫውን ስለ ዘጋው ቱቦው አፈሙዙን በደገፈው በግራ እጅ መዳፍ ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ የሳበው ያልጮኸለት ሰው አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ ግማሽ ደቂቃ ይታገሥ፣ ከፍቶም ቀለሁን ያውጣ፣ በቱቦውም ውስጥ የሰማይ ብርሃን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያይ ሌላ ጥይት ፈጽሞ አያስገባ። በጭቃ ወይም በጨርቅ የተደፈነ አፈሙዝም ይህንኑ ያደርጋል።

4ኛ፤ ስለ ቍስሉ። እዚህ ላይ ታገሡኝ፣ ብዙ የምለው አለኝና።

«እርሳሱ ካልወጣ ደሙን ይመርዘዋል» የሚለው ቃል በአገራችን እንደ ሃይማኖት ቀኖና ጸንቶ፣ ከጥይቱ የተረፈውን የሰው ሥጋ በወረንጦ ሲያስጎረጕር የሚኖር ክፉ ትምህርት ነው። በጡንቻና ከቆዳ ሥር ተበትኖ የቀረ የእርሳስ ፍሬ በአብዛኛው ገላ ራሱ በስስ ሽፋን ከቦት በጸጥታ የሚያኖረው ነገር ነው፤ ሰውየው ከነፍሬው ያርሳል፣ ይወልዳል፣ ያረጃል። መውጣት የሚገባው በተለየ ቦታ ያለው ነው፤ በመገጣጠሚያ ውስጥ የገባ እርሳስ፣ የመገጣጠሚያው ፈሳሽ ቀስ በቀስ ስለሚያሟሟው፣ በእርግጥም ደም ሊመርዝና መገጣጠሚያውን ሊበላ ይችላል፤ በዓይንና በአከርካሪ አጥንት ቱቦ ውስጥ ያለውም እንደዚሁ ለብቻው ይታሰባል። ይህን የሚለየው ራጅና የሠለጠነ ዓይን እንጂ የመንደር ወረንጦ አይደለም። በራጁ ጥቁር ፊልም ላይ ፍሬዎቹ በአውድማ እንደ ተረጨ ማሽላ ነጭ ሆነው ሲታዩ ቤተ ዘመድ ይደነግጣል፤ «ይህ ሁሉ በውስጡ እያለ እንዴት ወደ ቤት ትሰዱታላችሁ» ይላል፤ በሬ ይሸጣል፣ ወደ ደሴ ይሄዳል፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ፣ በመጨረሻም በድብቅ አንድ ሰው 5 ወይም 6 ፍሬ አውጥቶ በጥጥ ላይ አሳይቶ ብሩን ይወስዳል። የቀሩት መቶዎች ግን በቦታቸው አሉ፤ አዲስ የተከፈተው ቍስል ደግሞ ያመረቅዛል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሰው እርሳሱን ሲፈልግ በእውነት መውጣት ያለበትን መርሳቱ ነው። በባሩዱና በፍሬዎቹ መካከል የሚቀመጠው ውታፍ ፕላስቲክ ወይም የተጠቀጠቀ ሱፍ ስለ ሆነ በራጅ ላይ አይታይም፤ ከቅርብ በተተኰሰ ሰው ገላ ውስጥ ከልብስ ቅዳጅና ከቆሻሻ ጋራ በጥልቅ ይቀራል፤ ካልወጣም መግሉ አይቆምም። ውታፉን ፍለጋ ቍስሉን ከፍቶ ማጠብ፣ የሞተውን ሥጋ ማንሣት፣ ከዚያም ሳይሰፉ ለጥቂት ቀናት ክፍት መተው የቀዶ ሐኪሙ ዋና ሥራ ነው። «ሳይሰፉት ላኩኝ» ብሎ የሚያማርር ሕመምተኛ ይህን ይወቅ፤ እንዲህ ያለ ቍስል በመጀመሪያው ቀን ተሰፍቶ ቢዘጋ መርዙን ከውስጥ ቈልፎ ማስቀመጥ ይሆናል።

ቡና፣ ጥላሸት፣ አመድና እበት ደም ያቆማሉ የሚባለውም እንዲሁ መወገዝ አለበት። የመንጋጋ ቆልፍ ተሐዋስ በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ይኖራል፤ አየር በማይደርስበት፣ በተቀጠቀጠ ሥጋ ውስጥ ደግሞ ይበረታል፤ እንግዲህ የጥይት ቍስል ላይ እበት መለጠፍ ዘሩን ከነማሳው ማስረከብ ነው። የሚፈስ ደም የሚቆመው በንጹሕ ነጠላ አጥብቆ በመጫን ነው፤ እጅ ሳያነሡ፣ በየደቂቃው እየገለጡ ሳያዩ። የእጅ ወይም የእግር ደም በመጫን እምቢ ብሎ ሲፈናጠር ብቻ ከቍስሉ በላይ በሰፊ ጨርቅ ይታሰራል፤ የታሰረበትም ሰዓት በግንባሩ ወይም በወረቀት ይጻፋል፤ ምክንያቱም ከ2 ሰዓት በላይ ደም ያጣ ጡንቻ መሞት ይጀምራል። የዚያ ገበሬ ክንድ በቀጭን ጠፍር ሌሊቱን ሙሉ ታስሮ ስለ ነበር፣ ከመዳፉ ቍስል ይልቅ ያስቸገረን ጠፍሩ ያደረሰው ጕዳት ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ባለሙያ ባለበት አገር ሕዝቡ ከየት ሰምቶ ይማር? በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ስለ ወባና ስለ እጅ መታጠብ የተለጠፈ ሥዕል አለ፤ በየሠርጉና በየለቅሶው ጥይት በሚተኰስበት አገር ስለ ጥይት ቍስል አንድ ወረቀት አላየሁም። በሰሜን ወሎ የሚገኙ ጤና ተቋማት ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበረው የጦርነት ወራት ተዘርፈው እንደ ነበር የሚታወቅ ነው፤ ዛሬ ግን ራጁ ቆሞ፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያው አልቆ፣ አምቡላንሱ ነዳጅ አጥቶ ሲገኝ ያንን ዘመን ብቻ እያነሡ ማለፍ ኃላፊነትን መሸሽ ነው። የሙያ ባልደረቦቼንም አልምርም፤ ቍስሉን ሳይከፍቱ፣ ውታፉን ሳይፈልጉ፣ «እርሳስ በውስጡ አለ» ብለው ጽፈው ሪፈር የሚሉ፣ የሕዝቡን ስሕተት በማኅተም የሚያጸኑት እነርሱ ናቸውና።

ስለ መሣሪያ ፈቃድም ዝም አልልም። የአውሮፓ መንግሥታት አፈሙዝ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት በበዛ ባሩድ ተፈትኖ ማኅተም እንዲመታበት ያደረጉት ጥንት ነው፤ በእነርሱ አቆጣጠር የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር በ1637፣ የቤልጅየሟ ሊዬዥ ከተማ በ1672፣ በርሚንግሃም በ1813 ሕግ አቁመዋል፤ በዕድሜ ጠገብ ቤልጅግ ጠመንጃ ላይ የምታዩት የእንቁላል ቅርጽ ያለው ትንሽ ምልክት የዚያ ፈተና ማስረጃ ነው። እኛም መሣሪያን በሕግ ማሰብ የጀመርነው ዛሬ አይደለም፤ ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ስለ መሣሪያ ንግድ ቃል ገብታ ነበር፣ በ1922 ዓ.ም. በፓሪስ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋራ ስለዚሁ ተዋውላለች፣ አሁንም አዋጅ ቍጥር 1177/2012 አለን። ሕሙማኔ እንደሚነግሩኝ ግን በየመዝገቡ ጠረጴዛ የሚጠየቀው የመሣሪያው ቍጥርና የባለቤቱ ስም ነው፤ ቱቦውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየለት፣ የትኛው ጥይት ልኩ እንደ ሆነ ያስረዳው ሰው የለም። የብረት ምስክርነት የሌለውን ዕቃ በወረቀት ምስክርነት ሕጋዊ ማድረግ ለሟቹም ለገዳዩም አይበጅም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። የተቈረጠ ባለ ሁለት አፍ ያለው ሰው አይተኵስበት፣ ለልጁም አያውርስ፣ በሕጉ መሠረት ያስረክበው፤ ማሽላ በማማ ላይ ሆኖ በወንጭፍና በጩኸት ሲጠበቅ የኖረ አዝመራ ነው፣ መዳፉን ያጣ ገበሬ ግን አያጭድም። ከፋብሪካ የወጣና ፈቃድ ያለው መሣሪያ የያዘ ሰውም በቱቦው ላይ የተቀረጸውን ቍጥር ከቀለሁ ቍጥር ጋራ ያስተያይ፣ በፍሬ የሚለቀም ጥይት አይግዛ። የቈሰለ ያጋጠመው ይጫን፣ ይሸፍን፣ ያምጣ፤ አይጎርጕር። ፈቃድ ሰጪዎችም ቍጥሩን በመዝገብ ከመጻፋችሁ በፊት ቱቦውን ተመልከቱ።