የሰማይን መንገደኞች የሚቈጥሩ ሰዎች



እረኛ ማታ ከብቱን በረት ሲያስገባ አንድ ሁለት እያለ ይቈጥራል። ሳይቈጥር «ብዙ ናቸው» እያለ የሚኖር ባለ ከብት ግን የመንጋውን ማነስ የሚያውቀው አብዛኛው ካለቀ በኋላ ነው። ዛሬ የምንገልጽላችሁ በረትም እረኛም የሌላቸውን ፍጥረታት፥ ማለት ንስሮችንና ጭላቶችን፥ በሰማይ ላይ ሲያልፉ ስለሚቈጥሩ ሰዎች ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

በአውሮጳና በእስያ የሚራቡ ብዙ አዳኝ አሞራዎች የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው ወደ አፍሪካ ይመጡና፥ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ወደ መጡበት ይመለሳሉ። ክንፋቸው ሰፊ፥ ሰውነታቸውም ከባድ ስለ ሆነ፥ ያን ሁሉ መንገድ ክንፋቸውን እያራገቡ ቢጓዙ ኀይላቸው ያልቃል። ስለዚህ ፀሐይ ምድርን ስታሞቅ ወደ ላይ የሚወጣውን ሙቅ አየር እንደ መሰላል ይጠቀሙበታል። በውስጡ እየዞሩ ከፍ ካሉ በኋላ ክንፋቸውን ዘርግተው ወደ ፊት ይንሳፈፋሉ። ባሕር ግን እንደ የብስ ፈጥኖ ስለማይሞቅ እንዲህ ያለውን አየር አይሰጥም። ከዚህም የተነሣ አሞራዎቹ ሰፊውን ባሕር ትተው፥ የብስ ከየብስ ጋራ በሚገናኝበት ወይም ባሕሩ በጠበበበት ስፍራ ይሰበሰባሉ።

ከእነዚህ ስፍራዎች አንዲቱ በእስራኤል ደቡብ ጫፍ፥ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ራስ ላይ የምትገኘው፥ ስሟም በመጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀሰው ኤላት ናት። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ በጎ ፈቃደኞች በከተማዪቱ ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ በተወሰነ ስፍራ ተቀምጠው፥ ደመወዝ ሳይጠይቁ፥ ከጧት እስከ ማታ ሰማይን ይመለከታሉ። መሣሪያቸው የሩቅ ማሳያ መነጽር፥ መዝገብ፥ በአውራ ጣት እየተጫኑ የሚቈጥሩባት ትንሽ መሣሪያም ናት።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። አሞራዎቹ በሙቁ አየር ውስጥ ሲዞሩ የተደባለቁ ስለሚሆኑ አይቈጠሩም፤ የሚቈጠሩት ከፍታ አግኝተው በተራ ሲንሳፈፉ ነው። መንጋው ብዙ የሆነ እንደ ሆነ በዐሥር በዐሥር ይገመታል። አንዱ መንጋ ሁለት ጊዜ እንዳይቈጠርም በአጠገብ ለአጠገብ ያሉት ጠባቂዎች ያዩበትን ሰዓትና አቅጣጫ ያስተያያሉ። መልኩን ለይቶ ማወቅም ግድ ነው፤ ንስሩ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት፥ የተርብ እጭ የሚበላው ጭላት ደግሞ በግንቦት መጀመሪያ በብዛት ያልፋልና።

ከዚህ ትጋት የተገኘው ውጤት አስደናቂ ነው። በ1985 በአንድ ወቅት ብቻ በኤላት ሰማይ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ አዳኝ አሞራዎች ተቈጠሩ። ከእነዚህም 75 ሺሕ ያኽሉ በሩስያና በካዛክስታን የሣር ሜዳዎች የሚራባው ንስር ነበሩ።

ይህ ንስር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በባሌ ከፍተኛ ሜዳዎች ላይ አይጥ ሲያድን ይታያል። ወደ አፍሪካ ሲመጣ ብዙው በባብ ኤል መንደብ በኩል ይሻገራል፤ ሲመለስ ግን በሱዳንና በግብፅ አድርጎ ወደ ሱዌዝና ወደ ኤላት ያቀናል። በ1987 መጸው በጅቡቲ ባሕር ዳር የቈጠሩ ሰዎች ከ240 ሺሕ በላይ አዳኝ አሞራዎች ሲሻገሩ አይተው ጽፈዋል።

ነገር ግን ከ2000 ወዲህ በኤላት የተቈጠሩት ንስሮች ከ1985ቱ እጅግ ያነሱ ሆኑ። ነፋስ መንገዳቸውን ሊያስለውጣቸው ስለሚችል፥ የአንድ ዓመት ማነስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የብዙ ዓመታት መዝገብ ሲመሳከርና በሚራቡበት አገርም ማነሳቸው ሲታወቅ ግን እውነቱ ተገለጠ። በ2015 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ይህን ንስር ለመጥፋት ከተቃረቡት ፍጥረታት መካከል መዘገበው።

ቈጠራ ማነሱን ይነግረናል እንጂ አያድንም የሚል ሰው ቢኖር፥ በፖርት ሱዳን አጠገብ የሆነውን ያስተውል። በ1950ዎቹ የተተከለ አንድ የኤሌክትሪክ መሥመር በምሰሶዎቹ ላይ የሚያርፉትን ነጭ ጥንብ አንሣዎች ይገድል ነበር። እነዚህ አሞራዎች ወደ አገራችንም የሚመጡ ናቸው። ሰዎች በመሥመሩ ሥር እየሄዱ በድኖቹን በ1982 እና እንደ ገና በ2010 ቈጥረው ባያስታውቁ ኖሮ፥ ጥፋቱ ሳይታወቅ በቀጠለ ነበር። በ2014 ግን መሥመሩ ሥራውን እንዲያቆም ተደረገ። ስለዚህ የቈጣሪው መዝገብ ለዳኛ እንደሚቀርብ የምስክር ቃል ነው።

አንባብያን ሆይ፤ ጥንብ አንሣ በድን ባይበላልን ሽታውና በሽታው በእኛ ላይ በበረታ ነበር፤ ንስርና ጭላት አይጥን ባይቀንሱልን እህላችን በተበላ ነበር። አገራችን ግማሹን ዓመት ለእነዚህ መንገደኞች ማረፊያ ናትና አደራ አለብን። መምህራንና ተማሪዎች፥ የመንጋ አሞራ ሲያልፍ ባያችሁ ጊዜ ቀኑን፥ ስፍራውንና ቍጥሩን ጻፉ፤ በሚመጣውም ዓመት በዚያው ስፍራ ቆማችሁ ደግማችሁ ቍጠሩ። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር የወደቀ አሞራ ካያችሁም ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ ለሚመለከተው ክፍል አስታውቁ። ያልተቈጠረ መንጋ ቢጠፋ ጠፋ የሚልለት የለምና።