የዜማ ኃላፊነትና የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች፤ በመካኒሳ የሚገናኙ ሁለት ሥርዓቶች

በአዲስ አበባ ደቡብ የሚገኘው የመካኒሳ ሠፈር «አቦ» የሚለውን ቅጽል ያገኘው ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚሁ በመካኒሳ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ በ1960 ተከፍቶ ቀሳውስትና የነገረ መለኮት መምህራን ሲያሠለጥን ኖሯል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መካነ ኢየሱስ በመሠረቷ ሉተራዊት ብትሆንም፣ ከ1974 ወዲህ የፕሬስቢቴርያን ልጅ የሆነችውን የቤቴል ቤተ ክርስቲያንን አካትታለች። ስለዚህ የያሬድ ዜማና የፕሬስቢቴርያን መዝሙር በአንድ ሠፈር ይጎራበታሉ ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም በሁለቱ ሥርዓቶች ለሚዘመረው ቃል ተጠያቂው ማን ነው? የሚል ነው።

በመጀመሪያ ስሞቹን እንመልከት። «ፕሬስቢቴርያን» የሚለው ስም የመጣው ሽማግሌ ማለት ከሆነው የግሪክ ቃል ነው። የእኛም «ቀሲስ» ከሱርስት የመጣ ሲሆን፣ በመነሻው እንዲሁ ሽማግሌ ማለት ነው። ሁለቱ ወገኖች አገልጋያቸውን በአንድ ሐሳብ ሰይመውታል፤ ሥልጣኑን ያከፋፈሉት ግን በተለያየ መንገድ ነው።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ቅዳሴው የካህናት ነው፤ ለዚህም በልማድ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ማኅሌቱ ግን የደብተሮች ነው። ደብተራው ክህነት ሊኖረውም ላይኖረውም ይችላል፤ የሚያስከብረው ዕውቀቱ ነው። የአቦ በዓል በሚውልበት በመጋቢት 5 ወይም በጥቅምት 5 ቀን ማኅሌት የቆመ ተመልካች፣ መዘምራኑ በቀኝና በግራ ተሰልፈው፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ በከበሮ እየተመሩ ሲወርቡ ያያል። መሪጌታው ይመራል፤ ሌሎቹም ይቀበላሉ። የዜማው ቃል በድጓ፣ በጾመ ድጓ፣ በዝማሬና በመዋሥዕት ተጽፎ ይገኛል። ተማሪው ዜማውን ለብዙ ዓመታት ከመምህሩ ቃል በቃል ከተቀበለ በኋላ፣ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አምባ ሄዶ ያስመሰክራል። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ለዜማው ትክክለኛነት ተጠያቂው የጉባኤ ቤቱ ነው፤ አለቃው ወይም ገበዙ አይደለም።

በፕሬስቢቴርያን ሥርዓት ሽማግሌዎቹ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው የሚያስተምረው፣ ማለት ቄሱ ነው። ሁለተኛው ከምእመናን ተመርጦ ከቄሱ ጋር የሚያስተዳድረው ነው። ዘማሪው ከሁለቱ ወገን አይቈጠርም። ይህ የሆነው በቸልተኝነት ሳይሆን በመርሕ ነው፤ መዝሙር የጉባኤው ሁሉ ግዴታ እንጂ የልዩ ሰዎች ሙያ አይደለም ተብሎ ስለ ታመነ ነው። በጄኔቫ በ1562 ተሟልቶ የታተመው የዳዊት መዝሙር ሕዝቡ ራሱ እንዲዘምረው የተዘጋጀ ነበር። በስኮትላንድም ያለ መሣሪያ የሚዘመረውን የሚጀምር አንድ መሪ ነበር። የዌስትሚኒስተር የአምልኮ መመሪያ ብዙ ሰው ማንበብ በማይችልበት ቦታ አንድ ሰው መዝሙሩን መሥመር በመሥመር እያነበበ ሕዝቡ እንዲከተል አዝዞ ነበር። የእኛን መሪና ተቀባይ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ፣ የስኮትላንዱ መሪ እንደ መሪጌታው የረዥም ዘመን ትምህርትና ምስክር የማይጠየቅበት መሆኑ ነው። ቃሉን የሚጠብቀው በሽማግሌዎች ጉባኤ የተፈቀደው መጽሐፍ ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የፕሬስቢቴርያን ሚሲዮን ይህን ልማድ ይዞ ነው። የሰሜን አሜሪካ የተባበረች ፕሬስቢቴርያን ቤተ ክርስቲያን ሐኪም የሆኑት ዶክተር ቶማስ ላምቢ በ1919 ከሱዳን ተነሥተው ወደ ወለጋ፣ ሳዮ ሲገቡ፣ ያች ቤተ ክርስቲያን ከዳዊት መዝሙር በቀር ሌላ አትዘምርም ነበር። ይህን ደንብ የለቀቀችው በ1925 ነው። ዳዊት ደግሞ በኢትዮጵያ የንባብ ትምህርት ማሠሪያ ነውና፣ ሁለቱ ወገኖች የተገናኙት በአንድ መጽሐፍ ላይ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኢጣልያ ወረራ ዘመን ሚሲዮናውያኑ አገር ለቀው ሲወጡ የምዕራቡ ጉባኤ አልፈረሰም። አስተዳደሩ አስቀድሞ በአገሬው ሽማግሌዎች ላይ የቆመ ስለ ነበረ፣ ከውጭ የመጣው መምህር ሲሄድ ሥልጣኑ አብሮ አልሄደም። ከመሪዎቹ አንዱ በልጅነታቸው በፈንጣጣ ዐይናቸውን ያጡት ቄስ ጊዳዳ ሶለን ነበሩ። ለዐይነ ስውር ሰባኪ የተሰማና በቃል የተያዘ ነገር ሁሉ መጽሐፍ ነው። ይህም የቃል ትምህርት ኃይል በጉባኤ ቤት ብቻ ያልተወሰነ መሆኑን ያሳያል። የቤቴል ቤተ ክርስቲያን በ1947 ራሷን ችላ ተቋቋመች።

ከ1960ዎቹ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የወጣቶች የመዘምራን ቡድን ተስፋፋ፤ አዲስ ግጥምና ዜማ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎች ቋንቋዎች ይደረስ ጀመር። በደርግ ዘመን ብዙ የጸሎት ቤቶች ሲዘጉ መዝሙር በካሴት ከቤት ወደ ቤት ተሻገረ። ስብከት የማይደርስበት መዝሙር ደረሰ። በዚህም ዘማሪው ሹመት ሳይቀበል የሕዝቡ መምህር ሆነ። ብዙ ምእመን ስለ መከራና ስለ ተስፋ የሚያውቀውን ቃል ከስብከት ይልቅ ከመዝሙር ተምሯል።

ጥያቄያችን ክብደት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። በአቦ ደጅ አዲስ ቃል ወደ ማኅሌቱ ለመግባት በድጓውና በመምህሩ ፊት ማለፍ አለበት። ስለዚህ ዜማው ይጸናል፤ ነገር ግን ግእዝ የማያውቀው ምእመን ትርጓሜውን ከሌላ ይጠብቃል። በሰንበት ትምህርት ቤት የሚዘመረው የአማርኛ መዝሙር ይህን ክፍተት ሲሞላ ይታያል። በወንጌላውያኑ ዘንድ ደግሞ ሕዝቡ የሚዘምረውን ወዲያው ይረዳል፤ ነገር ግን ቄሱ ለዓመታት በነገረ መለኮት ሲፈተን፣ ከቄሱ ይልቅ የሚሰማው ዘማሪ ያለ ፈተና ሊያስተምር ይችላል። የፕሬስቢቴርያን ሥርዓት ለዚህ የራሱ መልስ ነበረው፤ ይኸውም የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው። ጉባኤው የሂሳብና የሕንፃ ጉዳይ ብቻ ከያዘና የሚዘመረውን ቃል መመርመር ከተወ፣ ከጥንተ ሥራው ዋናው ክፍል ወድቋል ማለት ነው።

እንግዲህ የአምልኮን ሥርዓት የሚያጠና ተማሪ የመሣሪያውን ዓይነትና የልብሱን ቀለም መዝግቦ ቢያቆም ጥናቱ ከደጅ ይቀራል። ከበሮው በሁለቱም ቤት ሊመታ ይችላል። ሁለቱን ቤቶች የሚለየው የሳተውን ዘማሪ ማን እንደሚያርመው፣ የማረሙንም ሥልጣን ከየት እንዳገኘው ነው።