ምጣድ ሳይግል

እንጀራን የሚያበስለው ከሥር የሚነደው እሳት ብቻ አይደለም፤ ሊጥ ከመፍሰሱ በፊት ምጣዱ ያጠራቀመው ሙቀትም ነው። ቀዝቃዛ ሊጥ ሲያርፍበት ምጣዱ ሙቀቱን ባንዴ ይነጠቃል። በደንብ ያልጋለ ከሆነ ሊጡ ይጣበቃል፣ ዓይንም አያወጣም። ሲግል ግን በሊጡ ያለው ውሃ ወዲያው እንፋሎት ይሆናል፤ እሱና በቡኮው የተፈጠረው ጋዝ ወደ ላይ ሲያመልጡ ዓይኑን ይከፍቱታል።

ሸክላ ሙቀት የሚያስተላልፈው በዝግታ ነው። ችኩል እሳት መሐሉን ሲያሳርር ዳሩ ጥሬ ይቀራል፣ አንዳንዴም ምጣዱ ይሰነጠቃል። ጋጋሪዋ እንጨቱን ወደ ዳር ዳር የምትገፋው ለዚህ ነው። ከጋለ በኋላ በተወቀጠ ጎመን ዘር ይታሰሳል፤ ዘይቱ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናል፣ እንጀራው እንዳይዝም ያደርጋል። ቀዝቃዛ ምጣድ ማሰስ ከንቱ ድካም ነው። መጀመሪያ የሚጋገረው ማሟሻ ነው፤ ለእንግዳ ባይቀርብም ልጆች ይሻሙበታል።

 ከድሬዳዋ ወጣ ብላ በቆላው በምትገኘው ጀልዴሳ፣ ሶማሌዎች እንጀራ መሰሉን ላሆህ የሚጋግሩበት የብረት ምጣድ ደግሞ ከሸክላው የተለየ ጠባይ አለው። ስስ ብረት በደቂቃዎች ይግላል፣ እንደዚያው ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ እዚህ የሚያስፈልገው ረጅም ትዕግሥት ሳይሆን ከፍ ዝቅ የማይል እሳት ነው። ሊጡም የሚዞረው ከመሐል ወደ ዳር ነው፤ በእንጀራ ከዳር ወደ መሐል እንደሚዞረው አይደለም። ከቦታ ቦታ ለሚጓዝ አርብቶ አደር ደግሞ ከሸክላ ይልቅ የማይሰበር ብረት ይሻላል።

ሙቀቱን ለመፈተን ጠብታ ውሃ ይበቃል። ዝም ብላ ከተኛች ምጣዱ ገና ነው፤ ጪስ ብላ ከተነነች ደርሷል። በራሷ እንፋሎት ላይ ተንሳፍፋ እንደ ዶቃ ከተንከባለለች ግን ከልክ በላይ ግሏልና እሳቱ ይቀነስ። ለቴፍሎን መጥበሻ ይህ ፈተና አይመከርም፤ ባዶውን ብዙ ከጋለ ልባሱ ይበላሻል፣ ጎጂ ጭስም ያወጣል።

የኤሌክትሪክ ምጣድም ቢሆን ገበታው ሸክላ ነውና ጊዜ ይፈልጋል። ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብ ለሁለት እንጀራ ብሎ ማጋል ብክነት ነው፤ ለማጋል የሚወጣው ኃይል ለሁለትም ለሃያም ያው ነው። ልምድ ያላቸው ጋጋሪዎች ሊጡ ሊያልቅ ሲል ማብሪያውን ያጠፉና የመጨረሻውን እንጀራ ምጣዱ በያዘው ሙቀት ያወጡታል።