የፋብሪካ ጩኸትና የሠራተኛው ጆሮ

ከሥራ መልስ ደብተራችሁን ይዛችሁ በማታው ትምህርት የምትቀመጡ፣ እናንተን የምታስተምሩ መምህራንም፣ የዛሬው ንግግራችን ስለ ጆሮ ነው። በተለይ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሽመና ክፍል ስለሚውለው ሠራተኛ ጆሮ። በወፍጮ ቤትና በብረታ ብረት ሥራ የምትውሉም ነገሩ ይመለከታችኋልና አብራችሁን ቆዩ።

ድምፅ ማለት የአየር መርገብገብ ነው። ይህ መርገብገብ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ ታምቡሩን ይመታል። ታምቡሩ ከኋላው ላሉት ሦስት ትንንሽ አጥንቶች ያቀብላል፤ አጥንቶቹ ደግሞ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደ ተጠማዘዘች፣ ፈሳሽ ወደ ሞላባት ክፍል ያደርሱታል። እዚያ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ ጸጉር መሰል ነገር የበቀለባቸው 15 ሺህ ያህል ሕዋሳት አሉ። ድምፁን ተቀብለው ወደ አንጎል የሚልኩት እነሱ ናቸው።

እስቲ የገብስ ማሳ አስቡ። ነፋስ ሲመጣ ገብሱ ያጎነብሳል፤ ነፋሱ ሲያልፍ ቀና ይላል። በረዶ የመታው ግን እንደተኛ ይቀራል። የጆሮ ሕዋሳትም እንዲሁ ናቸው። ልዩነቱ ገብስ ለከርሞ ይዘራል፤ እነዚህ ግን አንዴ ከሞቱ ዳግመኛ አይበቅሉም። መድኃኒትም አልተገኘላቸውም።

ክፋቱ ደግሞ ሕመም የለውም። ማታ ከፈረቃ ስትወጡ ጆሮአችሁ ጭው ይላል፤ ጠዋት ይተዋችኋል። ይሄ ማስጠንቀቂያ ነው። ከወራትና ከዓመታት በኋላ «የማሽኑን ጩኸት ጆሮዬ ለምዶታል» የሚል ሠራተኛ ታገኛላችሁ። ጆሮ ግን ጩኸት አይለምድም። ለመደ የተባለው እየደነቆረ ነው።

ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። እነ ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ ማለት ነው። ሰውየው «ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም» ይላል። የልጁን ንግግር ያስደግማል፤ ራዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። በማታው ክፍል አስተማሪዋ «ሸማ» ብላ ስትጠራ እሱ «ሰማ» ብሎ ይጽፋል። ፊደሉን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? አይደለም። ሸማውን ሲሠራ የዋለበት አዳራሽ ነው «ሸ»ን የወሰደበት።

የድምፅ ኃይል የሚለካው በዴሲቤል ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ምክር መሠረት፣ ያለ መከላከያ 85 ዴሲቤል ውስጥ ከ8 ሰዓት በላይ መቆየት አይገባም። ከዚያ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ88 አራት ሰዓት፣ በ91 ሁለት ሰዓት፣ በ94 አንድ ሰዓት ብቻ። መወርወሪያ ያላቸው የሽመና ማሽኖች በተደረደሩበት አዳራሽ ደግሞ ከ90 በላይ መለካት የተለመደ ነው። ፈረቃው ስንት ሰዓት እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። መለኪያ ከሌለ፣ በአንድ ክንድ ርቀት ላለ ጓደኛችሁ ለመናገር መጮኽ ካስፈለጋችሁ ቦታው አደገኛ ነው በሉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ የሚታከመው ማሽኑ ነው። የላላ ብሎን ይጠበቅ፣ ያረጀ ጥርስ ይለወጥ፣ ዘይት ይጠጣ፣ ከእግሩ ሥር ጎማ ይነጠፍለት። ይህ ሁሉ ተደርጎ ጩኸቱ ካልበረደ ነው ወደ ጆሮ መከላከያ የሚኬደው። ከወለል ያነሱትን ጥጥ በጆሮ መወተፍ እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የለውም።

ስፖንጅ መሰሉን መወተፊያ በታጠበ እጅ አሽታችሁ እንደ ቀጭን ጧፍ አድርጉት። በሌላው እጃችሁ ከራሳችሁ በላይ ዞራችሁ ጆሮአችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ። ቀዳዳው ሲቃና አስገቡትና እስኪያብጥ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣታችሁ ያዙት። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውን የምታደርጉ እህቶች፣ ሻሻችሁ ከሥሩ አይግባ፤ በክፍተቱ ድምፅ ይሾልካል። «ለትንሽ ጊዜ ነው» ብሎ ማውለቅም ዋጋ ያስከፍላል። 30 ዴሲቤል የሚቀንስ መከላከያ ከ8 ሰዓት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ብቻ ቢወልቅ ጥቅሙ ወደ 12 ይወርዳል።

መከላከያውን ሠራተኛው ከደመወዙ እንዲገዛ አይጠበቅበትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው መከላከያ እንዲያቀርብና ስለ አደጋው እንዲያስረዳ ያዝዛል፤ ሠራተኛውም የተሰጠውን እንዲጠቀም ያዝዛል። እንግዲህ «አልተሰጠንም» ማለት ልመና አይደለም።

መምህራን ሆይ፣ ከፋብሪካ የሚመጣ ተማሪ ካላችሁ ከፊት አስቀምጡት። ፊታችሁን ወደ ሰሌዳው አዙራችሁ አትናገሩ፤ ከንፈራችሁን ይይ። መብራቱም ፊታችሁ ላይ ይውደቅ። ቃሉን ስትጠሩ አትጩኹ፤ ቀስ በሉ። ሰ እና ሸን እያምታታ በተደጋጋሚ የሚጽፈውን ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ጆሮውን እንዲያስመረምር ንገሩት።