የብሪጅ የቡድን ውድድር፦ ዕድልንና ጥርጣሬን የሚያስወግድ አሠራር

በካርታ ጨዋታ ጥሩ ካርታ የደረሰው ወገን ማሸነፉ የተለመደ ነው። የብሪጅ ጨዋታን በዓለም አቀፍ ደረጃ ለሚያዘጋጁ አካላት የመጀመሪያው ፈተና ይኸው ነው። ውድድሩ የዕድልን ድርሻ ካልቀነሰና በተጣማሪዎች መካከል የሚደረግን ስውር ግንኙነት ካልገታ ውጤቱ አመኔታ አያገኝም።

ብሪጅ አራት ሰዎች ሁለት ለሁለት ተጣምረው በ52 ካርታዎች የሚጫወቱት ሲሆን ለእያንዳንዱ ተጫዋች 13 ካርታ ይታደላል። ተጫዋቾቹ ከ13ቱ ዙሮች ስንቱን እንደሚያሸንፉ በቅድሚያ በጨረታ ይፎካከራሉ፤ ከዚያም ጨረታውን ያሸነፈው ወገን የገባውን ቃል በጨዋታ ለመፈጸም ይጥራል።

ዋነኛው የዓለም የቡድን ሻምፒዮና የሆነው የቤርሙዳ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1950 በቤርሙዳ ተጀምሯል። በአፍሪካ ምድር እ.ኤ.አ. በ1997 በቱኒዚያ ሃማመት፣ በ2023 ደግሞ በሞሮኮ ማራኬሽ ተካሂዷል። በዚህ ውድድር 24 ቡድኖች እርስ በርስ ከተጋጠሙ በኋላ ብልጫ ያላቸው ስምንቱ ወደ ሩብ ፍጻሜ ያልፋሉ።

የዕድልን ድርሻ ለመቀነስ አንድ ዓይነት የካርታ ድልድል በሁለት ክፍሎች ይጫወታል። የአንድ ቡድን ሁለት ተጫዋቾች በአንደኛው ክፍል በሰሜንና ደቡብ አቅጣጫ ሲቀመጡ፣ ጓደኞቻቸው በሌላኛው ክፍል በምሥራቅና ምዕራብ ይሰለፋሉ። በዚህም መሠረት ሁለቱም ቡድኖች ጠንካራውንም ደካማውንም ካርታ ይጫወቱበታል። የሚመዘነው በሁለቱ ክፍሎች ውጤት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ልዩነቱም በተወሰነ ሠንጠረዥ ወደ ግጥሚያ ነጥብ ይቀየራል። ለዚህም ካርታዎቹ በኮምፒውተር ተደልድለው በመሣሪያ የሚባዙ ሲሆን እስከ ጨዋታው ሰዓት ድረስ በምስጢር ይጠበቃሉ።

ስውር ግንኙነትን ለመከላከል ደግሞ ጠረጴዛውን በሰያፍ የሚከፍል መጋረጃ ይዘረጋል። ተጫዋቹ ከተቃራኒዎቹ አንዱን እንጂ አጣማሪውን አያይም። ድምፅ ምልክት እንዳይሆንም ጨረታው የሚካሄደው በጽሑፍ ካርዶች ሲሆን፣ ካርዶቹ በትሪ ላይ ተደርገው ከመጋረጃው ሥር ያልፋሉ።

ይህ ሥርዓት የጎለበተው ከደረሱ ችግሮች በመማር ነው። መጋረጃው በቤርሙዳ ዋንጫ በተሞከረበት እ.ኤ.አ. በ1975 ሁለት ተጫዋቾች ከጠረጴዛው ሥር በእግራቸው ተገቢ ያልሆነ እንቅስቃሴ በማድረጋቸው ተገሥጸዋል። የላዩ ሲዘጋ የታችኛው ክፍት መሆኑ የታየው ያኔ ነበር። ቆይቶም የጠረጴዛው ሥር እንዲጋረድ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ተጫዋቾች የቀድሞ ውድድሮችን የቪዲዮ ቅጂዎች በመመርመር በተወሰኑ ጥንዶች ላይ የማጭበርበር ክስ አቀረቡ። በዚህም ሳቢያ የእስራኤል፣ የጀርመንና የሞናኮ ቡድኖች በህንድ ቼናይ ከተካሄደው ሻምፒዮና ራሳቸውን አግልለዋል።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው የውድድር ተአማኒነት በግለሰቦች መልካም ሥነ ምግባር ላይ ብቻ ሊጣል አይችልም። መጋረጃው፣ ምስጢራዊ ድልድሉና የቪዲዮ ቅጂው አጥፊውን ከማጋለጥ ባሻገር ቀጥተኛውን ተጫዋች ከሐሰት ጥርጣሬ ይጠብቃሉ። በመሆኑም አዘጋጆች የአዳራሽና የመስተንግዶ ዝግጅትን ያህል ለእነዚህ የቁጥጥር ሥርዓቶችም ትኩረት መስጠት ይጠበቅባቸዋል።